መከራ የመከራቸው መካሪዎች

«ምከረው ምከረው፤ እንቢ ካለህ መከራ ይምከረው» የሚለው የአባቶች ተረት በብዙ ነገር እውነት ነው። በመጠጥ ሱስ ለተያዘ ሰው ግን አይበቃም። እንዲህ ያለው ሰው መከራን አይቶታል፤ ገንዘቡን፣ ሥራውን፣ አንዳንድ ጊዜም ትዳሩን አጥቶ እንኳ ወደ ብርጭቆው ይመለሳል። ታዲያ ምክርም መከራም ያልመለሱትን ሰው ማን ይመልሰዋል? በዚህ ጥያቄ ላይ በአሜሪካ አገር የተደረገውን ሙከራ ለአንባቢዎቻችን ባጭሩ ልንገልጽ እንወዳለን።

እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1906 ዓ.ም. በቦስተን ከተማ የሚገኝ አማኑኤል የተባለ ቤተ ክርስቲያን፣ ሐኪሞችና ቀሳውስት ተባብረው ሕመምተኞችን የሚረዱበት አገልግሎት ጀመረ። በዚያ ከመጠጥ ከዳኑት አንዱ ኮርትኔይ ቤይለር ሲሆን፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደመወዝ ተቈርጦለት ሌሎች ጠጪዎችን እንዲረዳ ተቀጠረ። ሐኪምም ቄስም አልነበረም፤ ዲፕሎማው ራሱ ያለፈበት መንገድ ነበር።

በ1935 ዓ.ም. ደግሞ ቢል ዊልሰን የተባለ የኒውዮርክ የአክሲዮን ደላላ ለንግድ ወደ አክሮን ከተማ ሄዶ ጉዳዩ ሳይሳካለት ቀረ። መጠጥ ከተወ ገና ጥቂት ወራት ስለ ነበረው፣ የሆቴሉ መጠጥ ቤት አስፈራው። ወደዚያ በመግባት ፈንታ ስልክ አነሣና የሚያነጋግረው ሌላ ጠጪ ፈለገ። የተገናኘውም ቦብ ስሚዝ ከተባለ የቀዶ ጥገና ሐኪም ጋር ነበር። ሐኪሙ የአልኮልን ጉዳት ከዊልሰን ይልቅ ያውቅ ነበር፤ ዕውቀቱ ግን አልመለሰውም። የረዳው እንደ እርሱ የወደቀ ሰው ሳይወቅሰው የራሱን ታሪክ ስላጫወተው ነው። ዛሬ በብዙ አገሮች የሚገኘው የአልኮሆሊክስ አኖኒመስ ማኅበር ከዚህ ግንኙነት ተወለደ።

ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ይበልጥ ትምህርት የሚሆነው ግን በሚኒሶታ ክፍለ ግዛት የሆነው ነው። በዊልማር የመንግሥት ሆስፒታል ዶክተር ኔልሰን ብራድሊና የሥነ ልቡና ባለሙያው ዳንኤል አንደርሰን፣ ከመጠጥ የዳኑ ሰዎችን ከሐኪሙና ከነርሷ ጎን ለማሠራት አሰቡ። የቀድሞ ሰካራም በመንግሥት ደመወዝ በሽተኛ ይርዳ ማለት በቀላሉ የሚዋጥ ነገር አልነበረም። ቢሆንም በ1954 ዓ.ም. የክፍለ ግዛቱ ሲቪል ሰርቪስ የአልኮል ሱስ መካሪ የሚል የሥራ መደብ አቆመ። ትናንት ከሥራ ያስባርር የነበረ ታሪክ፣ ለሥራ የሚያበቃ ሆነ።

የመካሪዎቹ ሥራ ስብከት አይደለም፤ ቊጣም አይደለም። ሱሰኛው «ነገ እተዋለሁ» ሲል፣ መካሪው ይህን ቃል ራሱ ብዙ ጊዜ ተናግሮታልና አይታለልም፤ ነገር ግን አይንቀውም። ዊልያም ሚለር የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅም በ1983 ዓ.ም. እንዳስረዳው፣ ጠጪን በክርክር መርታት አይጠቅምም፤ የተወቀሰ ሰው መከላከል ይጀምራልና። የሚሻለው እየጠየቁና እያዳመጡ፣ የመተዉን ምክንያት ከራሱ አፍ ማውጣት ነው።

ሆኖም ከሱስ መዳን ብቻውን ሰውን መካሪ አያደርገውም። ትምህርት፣ ምስጢር መጠበቅና የራስን አቅም ማወቅ ያስፈልጋል። ለብዙ ዘመን አብዝቶ የጠጣ ሰው መጠጡን በድንገት ሲያቋርጥ መንቀጥቀጥ፣ ቅዠትና መንፈራገጥ ሊደርስበት፣ ሊሞትም ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ሐኪም የግድ ነው፤ የመካሪው ድርሻ ከዚያ በኋላ ለሚመጡት ረጅም ወራት ነው።

በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ፣ ሰኞ ጧት እጁ የሚንቀጠቀጥ ባልንጀራ አይታጣም። እኛ ግን ብዙውን ጊዜ ወይ እንስቅበታለን፣ ወይ እንገሥጸዋለን፤ ሁለቱም መንገዶች ብቻውን ይተዉታል። ሐኪም ዘንድ አብሮት የሚሄድ፣ ሳያቋርጥም የሚያዳምጠው አንድ ጓደኛ ቢያገኝ፣ የመዳኑ መንገድ ተጀመረ ማለት ነው። መከራ መምከርስ ይመክራል፤ ነገር ግን ጆሮ የለውም። ጆሮ ያለው ሰው ነው።