ያውቁ ኖሯል? የሮማ የፍቅር ግጥምና የወለጋ ጆሮ

ነቀምቴ ወይም ጊምቢ በኦሮምኛ ያደገ ተማሪ የቲቡሉስን፣ የፕሮፐርቲየስንና የኦቪድን የፍቅር ግጥሞች በራሳቸው በላቲን ልማር ቢል ጆሮው ቀድሞ ይረዳዋል። ከ2000 ዓመት በፊት የጻፉት እነዚህ ገጣሚዎች ስልታቸውን የሚለኩት ቤት በመምታት ሳይሆን በረጅምና በአጭር ቀለም ነው። ስንኞቻቸው ጥንድ ጥንድ ናቸው፤ የመጀመሪያው ስድስት ምት ይሄዳል፣ ተከታዩ አምስት ላይ ያጥራል። ናፍቆቱና ቅሬታው የሚሰማው እዚያ ማጠር ላይ ነው። ትርጉም ታሪኩን ያደርሳል፤ ይህን ዜማ ግን ማድረስ ይከብደዋል። አማርኛ የአናባቢን ርዝመት አይለይም፤ በኦሮምኛ ግን ርዝመት ፍቺ ይለውጣል፦ «ለፈ» መሬት ነው፣ «ላፋ» ደግሞ ለስላሳ።

ላቲን ለወለጋ ፈጽሞ ባዕድ አልነበረም። በእኛ ዘንድ አቡነ ማስያስ የሚባሉት ጣሊያናዊው የካፑቺን ሚሲዮናዊ ጉልየልሞ ማሳያ በ1852 እ.ኤ.አ. ዓባይን ተሻግረው ጉዱሩ፣ አሰንዳቦ ገቡ። በ1867 ፓሪስ ያሳተሙት የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው የተጻፈው በላቲን ነው።

የአገሩን ቃል በራሱ ቋንቋ ያቆየችው ግን አስቴር ጋኖ ናት። 500 ያህል የኦሮሞ ዘፈን፣ ተረት፣ ምሳሌና እንቆቅልሽ ከትውስታዋ ጻፈች፤ ከፊሉ ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር ባዘጋጀችው የ1894 የንባብ መጽሐፍ ታተመ። በ1904 ሁለቱም ወለጋ ገብተው ነቀምቴ ላይ በኦሮምኛ ማስተማር ቀጠሉ።