ከባዱን የመኪና ዕቃ ሣጥን በር በአንድ ሲኒ ዘይት ማንሳት

አዲስ አበባ፡ በምዕራብ አዲስ አበባ የሚገኘው የኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ በአስኮ በኩል ወደ አምቦ፣ በአየር ጤና በኩል ደግሞ ወደ ጅማ የሚያወጡ አውራ መንገዶች መተላለፊያ ነው። እህልና ቡና ወደ ከተማ፣ የፋብሪካ ዕቃ ወደ ገጠር የሚያመላልሱ ከባድ መኪኖች በእነዚህ መውጫዎች ይመላለሳሉ። በመኪናው ጎን የተበየደው የዕቃ ሣጥን ክሪክ፣ የጎማ መፍቻ፣ ሰንሰለትና መለዋወጫ ይይዛል። ባለቤቱ ሌባን ስለሚፈራ በሩን በወፍራም ላሜራ ያሠራል፤ ክብደቱን የሚሸከመው ግን ረዳቱ ነው።

ክብደቱን በስሌት እንየው። ርዝመቱ 1.5 ሜትር፣ ቁመቱ 80 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር የኾነ የብረት ላሜራ ብቻውን 38 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ዙሪያው ብረትና ቁልፉ ሲጨመሩበት ወደ 50 ኪሎ ይጠጋል። ማጠፊያው ከላይ ከኾነ በሩ ተንጠልጥሎ ሳለ አይከብድም፤ እየተነሳ በሄደ ቁጥር ግን ጫናው ይጨምራል፤ አግድም ሲኾን ከሁሉም ይከብዳል። ይህም ረዳቱ ዕቃ ለማውጣት ጭንቅላቱን ወደ ሣጥኑ የሚያስገባበት ሰዓት ነው።

መፍትሔው ጎማ ሲቀየር በምንጠቀምበት የዘይት ክሪክ ውስጥ አለ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ፈረንሳዊው ሊቅ ብሌዝ ፓስካል እንዳስረዳው፣ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ ያረፈ ግፊት ሳይቀንስ በሁሉም አቅጣጫ ይተላለፋል። ስለዚህ በጠባብ ፒስተን ላይ የተጫነ ትንሽ ኀይል በሰፊው ፒስተን ላይ ትልቅ ኀይል ይኾናል። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ እ.ኤ.አ በ1795 በዚሁ ሕግ ለሚሠራ መጭመቂያ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አግኝቷል።

ወደ በሩ እንመለስ። የበሩ ክብደት ከማጠፊያው 40 ሴንቲ ሜትር ርቆ የሚያርፍ ነው፤ ሲሊንደሩ 10 ሴንቲ ሜትር ርቆ ቢገፋ አራት እጥፍ፣ ማለትም የ200 ኪሎ ያህል ግፊት ይጠበቅበታል። የውስጥ ስፋቱ 25 ሚሊ ሜትር ለኾነ ሲሊንደር ይህ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር 41 ኪሎ ገደማ ነው። የእጅ ፓምፑ ፒስተን 10 ሚሊ ሜትር፣ እጀታውም ኀይልን ስምንት እጥፍ የሚያበዛ ከኾነ የሰው እጅ የሚጫነው 4 ኪሎ ብቻ ይኾናል። የሚያስፈልገው ዘይትም አንድ የቡና ሲኒ ያህል ነው። ዋጋው ግን በድካም ሳይኾን በጊዜ ይከፈላል፤ በሩን ሙሉ በሙሉ ለመክፈት እጀታውን 50 ጊዜ ያህል ማመላለስ ይጠይቃል። ይህን የሚሰለች በመኪናው ባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ሊያስገጥም ይችላል።

የገልባጭ መኪና ባለቤቶች ግን አንድ ፈተና አለባቸው፤ ከገልባጩ የዘይት መስመር ቀጥሎ መጠቀም ቀላል ይመስላል። በደቂቃ 60 ሊትር የሚገፋ ፓምፕ ያንን አንድ ሲኒ ዘይት ለመሙላት ከሰከንድ አንድ ዐሥረኛ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። በሩ አይከፈትም፤ ይወረወራል። የፍሰትና የግፊት መቀነሻ ሳይገጠም ይህን መሞከር አይገባም።

ከማንሳቱ ይልቅ አስቸጋሪው ተነስቶ እንዲቆይ ማድረጉ ነው። ቱቦ ሊፈነዳ፣ የላስቲክ ማሸጊያ ሊበላ ይችላል። ዘይቱን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ቫልቭ ከፓምፑ ዘንድ ሳይኾን በራሱ በሲሊንደሩ አፍ ላይ መገጠም አለበት፤ ከፓምፑ ዘንድ ከኾነ መካከል ላይ ያለው ቱቦ ሲፈነዳ ምንም አያግድም። በሩ ሲዘጋም በዝግታ እንዲወርድ የዘይቱን መመለሻ የሚያጠብ ቫልቭ ያስፈልጋል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን በሩ ከተነሳ በኋላ የሚደገፍበት፣ በቡሎን የሚቆለፍ የብረት ምርኩዝ ሊኖረው ይገባል። ርካሹ ክፍል እርሱ ነው፤ በብዛት የሚቀረውም እርሱ መኾኑ ያሳዝናል። ማረሻውን በዘይት ኀይል አንስቶ በቆመ ትራክተር ሥር ለጥገና የሚገባ አርሶ አደርም በዚያው አደጋ ውስጥ ነው፤ ማረሻው መሬት ላይ ማረፍ ወይም በጠንካራ ድጋፍ ላይ መቀመጥ አለበት።

ዘይቱን በተመለከተ፣ በእጅ የተገኘውን ሁሉ መጨመር አይገባም። ለማዕድን ዘይት በተሠራ ሲሊንደር ውስጥ የፍሬን ዘይት ቢገባ ማሸጊያውን ያሳብጠዋል፤ የመንገድ አቧራ የገባበት ዘይትም ፒስተኑን ይፍቃል። ቱቦው ላብ የመሰለ ዘይት ካሳየ ቀዳዳውን በጣት መፈለግ ክልክል ነው፤ በግፊት የሚወጣ ቀጭን ዘይት ቆዳን በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ፓምፑን አጥፍቶ፣ በሩን በምርኩዙ ላይ አሳርፎ፣ ግፊቱን ከለቀቁ በኋላ ቱቦውን መቀየር ይሻላል። ዘይት የወጋው ሰው ቁስሉ የመርፌ ቀዳዳ ቢመስልና ባያምመውም ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መሄድ፣ የገባውም በግፊት ያለ ዘይት መኾኑን ለሐኪሙ መንገር አለበት።