የመኪና ዘይት፦ ራሳችን እንቀይር ወይስ ጋራዥ እንውሰድ?

በተቋማችን ግቢ ከሚቆሙት መኪናዎች አንዳንዶቹ ዕድሜያቸው ከእኛ ከሰልጣኞቹ ይበልጣል። እስከ ዛሬ የሚንቀሳቀሱትም ባለቤቶቻቸው ዘይታቸውን በጊዜው ስለሚቀይሩላቸው ነው። ታዲያ ዘይት መቀየሪያው በደረሰ ቁጥር አንድ ክርክር ይነሳል። «ለዚህች ሥራ ምን ገንዘብ ያስወጣል? ራሴው እቀይረዋለሁ» የሚሉ አሉ፤ «ለባለሙያው መተው ይሻላል» የሚሉም አሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የትኛው ሥራ በእጃችን ሊሠራ እንደሚችል፣ የትኛው ደግሞ ለመካኒክ መተው እንዳለበት ማስረዳት ነው። እኛ ሰልጣኞች ዛሬ መኪና ባይኖረንም፣ ነገ ጋራዥ በሌለበት ቀበሌ ስንመደብና ለሥራ ሞተር ብስክሌት ሲሰጠን ጉዳዩ የእኛም ይሆናል።

በቅድሚያ በመኪና ውስጥ ያለው ፈሳሽ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። የሞተር ዘይት፣ የካምቢዮ ዘይት፣ የፍሬን ዘይትና የራዲያተር ውሃ አሉ። ሦስቱ «ዘይት» ስለተባሉ አንዱ ለሌላው አይሆንም።

የሞተር ዘይት ብረት ከብረት ጋር እንዳይፋተግ ይከላከላል፤ ሙቀት ይሸከማል፤ ጥላሸቱንና የብረቱን ብናኝ እየጠረገ ወደ ፊልትሮ ይወስዳል። ይህን ሲሠራ ቆይቶ ኃይሉ ይደክማል። መጥቆሩ ብቻውን ግን መበላሸቱን አያሳይም፤ በተለይ የናፍጣ ሞተር ዘይት ገና በተቀየረ በጥቂት ቀን ይጠቁራል። ትክክለኛው መለኪያ በመመሪያው መጽሐፍ የተጻፈው ኪሎ ሜትርና ጊዜ ነው። አቧራ በበዛበት መንገድ የሚሄድ መኪና ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ መቀየር አለበት።

በጣሳው ላይ 20ደብልዩ-50 ተብሎ ሲጻፍ ብዙ ሰው ግራ ይጋባል። ደብልዩ «ክረምት» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የተወሰደች ፊደል ናት። የፊተኛው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ ያለውን ፍሰት፣ የኋለኛው ሞተሩ ሲግል የሚኖረውን ውፍረት ያመለክታል።

ይህ ሥራ በቤት ሊሠራ የሚችል ነው። የድሮውን ቮልስዋገን እንውሰድ። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ ራዲያተር የለውም። የሚይዘው ዘይት 2.5 ሊትር ብቻ ነው። የወረቀት ፊልትሮ የለውም፤ ከሥሩ ታጥቦ የሚመለስ ወንፊት አለው። ሌሎች አነስተኛ የቤት መኪናዎች አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4.5 ሊትር ይይዛሉ፤ ፊልትሮውም አብሮ ይቀየራል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሞተሩን ጥቂት አስነስቶ ማሞቅ፤ የሞቀ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ ቶሎ ይወርዳል። ነገር ግን እጅ እስኪያቃጥል ማጋል አያሻም። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሞ የእጅ ፍሬን መያዝ። ከሥር መግባት ካስፈለገ ጎማዎቹን በድንጋይ ማስደገፍና ጠንካራ የብረት መቆሚያ ማድረግ ግድ ነው። ክሪክ ማንሻ እንጂ መቆሚያ አይደለም፤ በክሪክ ብቻ ከተነሳ መኪና ሥር የገባ ሰው ሕይወቱን ለአንዲት ቡሎን አስይዟል ማለት ነው። ቀጥሎ የማፍሰሻውን ቡሎን ፈትቶ ዘይቱን በሳፋ መቀበል። የድሮው ፊልትሮ ጎማ ቀለበት ሞተሩ ላይ ተጣብቆ እንዳልቀረ ማየት፤ የአዲሱን ቀለበት ዘይት ቀብቶ በእጅ ማጥበቅ። ቡሎኑን መልሶ አዲሱን ዘይት ከሞሉ በኋላ ሞተሩን አስነስቶ ማጥፋት፣ ጥቂት ጠብቆም በዘንጉ መለካት ነው። ከልክ በላይ መሙላትም እንደ ማጉደል ይጎዳል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። በአንዳንድ መኪናዎች የሞተሩና የካምቢዮው ማፍሰሻ ይመሳሰላሉ። የካምቢዮውን አፍስሶ ሞተሩ ላይ የጨመረ ሰው ባንድ ቀን ሁለቱንም ያበላሻል። የካምቢዮ ዘይት የሚቀይር ሰው ደግሞ መጀመሪያ የመሙያውን ቡሎን ይፍታ። እሱ ዝጎ እምቢ ካለ፣ ዘይቱ ከፈሰሰ በኋላ መሙያ አይኖርም፤ መኪናውም ካለበት አይነቃነቅም።

ባለ አራት ምት ሞተር ብስክሌት ዘይቱ አንድ ሊትር ገደማ ነው። በአብዛኞቹ ላይ ፍሪሲዮኑም እዚያው ዘይት ውስጥ ስለሚዋኝ፣ ለሞተር ብስክሌት የተሠራ ዘይት ይፈልጋል። ያለዚያ ፍሪሲዮኑ ሊንሸራተት ይችላል።

ራዲያተርን በተመለከተ ሕጉ አንድ ነው፤ ሳይበርድ አይከፈትም። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ስለሚይዝ ውሃው ከዚያ አልፎ እየጋለ እንኳ ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ ድንገት ሲከፈት ግፊቱ ይለቃል፤ ውሃው ያኔውኑ ይፈላና ፊት ላይ ይፈነዳል። ከውሃው ጋር የሚቀላቀለው የማቀዝቀዣ ፈሳሽም ጣፋጭ ጣዕም ያለው መርዝ ነውና ልጆችና ውሾች ከሚደርሱበት ቦታ አይፈስም።

የፍሬን ዘይት ግን ሌላ ነገር ነው። የፓስካልን ሕግ የተማረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ፈሳሽ ሲጫኑት ስለማይታመቅ ግፊቱን ሳይቀንስ ያስተላልፋል። አየርና እንፋሎት ግን ይታመቃሉ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የተባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ የሚጠበቅበት 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ፍሬን እየረገጡ ሲወርዱ አሮጌው ዘይት ከፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፤ ፔዳሉም እስከ ወለሉ ይሰምጣል። ስለዚህ መጠኑን በዐይን ማየት የባለቤቱ ሥራ ሲሆን፣ መቀየሩና አየር ማስወጣቱ የመካኒክ መሆን አለበት። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ይባል የለ!

ስለ ወጪው ስናሰላ፣ የዘይቱና የፊልትሮው ዋጋ በሁለቱም መንገድ አንድ ነው። የሚተርፈው የእጅ ዋጋ ብቻ ነው። ከዚያ ላይ ደግሞ የቁልፍ፣ የክሪክና የመቆሚያ መግዣ ይቀነሳል። መኪናውን በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ለሚያስቀይር ሰው ትርፉ ትንሽ ነው። በራስ መሥራት ዋናው ጥቅሙ መተማመን ነው፤ ጣሳው ሲከፈት፣ ፊልትሮው ሲገባ ባለቤቱ በዐይኑ ያያል። ጋራዥ የሚሄድም ሰው አጠገቡ ቢቆም ይህንኑ ጥቅም ያገኛል።

በመጨረሻ የተቃጠለውን ዘይት ነገር ሳላነሳ አላልፍም። በውስጡ የብረት ብናኝና ካንሰር የሚያስከትሉ ነገሮች ስላሉ ቦይ ውስጥም ሆነ ሣር ላይ መድፋት ነውር ነው። በጄሪካን ተይዞ አሮጌ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ወይም ማደያ ይሰጥ። እጅም በሳሙና ይታጠብ።

መምህራኖቻችን ቅዳሜ ዘይት ሲቀይሩ ቆመን እንድናይ ቢፈቅዱልን፣ የፓስካልን ሕግም የፈሳሽን መፍያ ነጥብም ባንድ ላይ እንማራለን። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ነውና፣ መጀመሪያ ማየት፣ ቀጥሎ ማገዝ፣ ከዚያ ቁልፍ ማንሳት ይበጃል።