ቢራቢሮ ናት ወይስ የእሳት እራት?

አንድ እጩ መምህር ለማስተማር ልምምድ ወጥቷል እንበል። ተማሪው መዳፉን ዘርግቶ፣ «ጋሼ፣ ይቺ ምንድናት?» ይለዋል። ክንፏ ነጭ ሆኖ ቀይና ጥቁር ነጠብጣብ አለበት። መምህሩ ቀለሟን አይቶ «ቢራቢሮ ናት» ይላል። ተሳሳተ!

ይህች የእሳት እራት ናት። የሳይንስ ስሟ ኡቴቴይሳ ፑልኬላ ነው፤ «ፑልኬላ» በላቲን «ቆንጅዬ» ማለት ነው። በአፍሪካ፣ በደቡብ አውሮፓና በእስያ ትገኛለች፤ በአገራችንም አለች። ክንፎቿ ሲዘረጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናሉ።

ታዲያ በምን እንለያት? ቀለም ብቻውን አያስተማምንም። የምትበርበትም ሰዓት አይበቃም፤ ማታ ወደ መብራት ብትመጣም ቀን ደግሞ ትበራለች። አንቴናዋን እንይ። የቢራቢሮ አንቴና ጫፉ እንደ ክብሪት ራስ ያበጠ ነው፤ የእርሷ ግን እንደ ክር ቀጭን ነው። ቢራቢሮ ስታርፍ ብዙውን ጊዜ ክንፏን ወደ ላይ ታጥፋለች፤ ይህች ጀርባዋ ላይ ትከድነዋለች።

ኑሮዋ አራት ደረጃ አለው። መጀመሪያ እንቁላል ነው። ከእንቁላሉ ጠጉራም ትል ይፈለፈላል፤ ገላው ግራጫ ሆኖ ነጭ መስመርና ብርቱካንማ ምልክት አለበት። ከሚበላቸው ተክሎች አንዱ ክሮታላሪያ ነው፤ ይኸውም ቢጫ አበባ ያለው፣ ፍሬው ሲደርቅ ዘሩ ውስጡ የሚንኮሻኮሽ ተክል ነው። ተክሉ መርዝ አለው። ትሉ ግን አይሞትም፤ መርዙን በገላው ያከማቸዋል። ሲያድግ በስስ ድር ተሸፍኖ ይተኛል። ይህ ሦስተኛው ደረጃ ነው፤ የትሉ አካል ፈርሶ እንደ አዲስ ይሠራል። በመጨረሻ ባለ ክንፏ ስትወጣ መርዙም አብሯት ይወጣል። እንግዲህ ያ ቀይና ጥቁር ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ለወፎች «አትንኩኝ» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው።

ይህን በክፍል ለማሳየት ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ትሉን ከነቅጠሉ አፈ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ አድርጎ አፉን በሻሽ ማሰር ነው። ከተገኘበት ተክል በየቀኑ ትኩስ ቅጠል ይሰጠው፤ ሌላ ቅጠል ላይበላ ይችላል። ከነኩት በኋላ እጅ መታጠብ ይገባል። ተማሪዎቹ ያዩትን ቀን እየጻፉ ይሳሉ። በሙቀት ጊዜ ለውጡ ይፈጥናል፤ በብርድ ይዘገያል።

ደግሞም መምህር ያላወቀውን «አብረን እንየው» ቢል ነውር የለበትም። ነውሩ ሳያዩ መመለሱ ነው።