«ጥፋቱስ ይሁን፤ ቅጣቱ ግን በዛ»

በጃናሞራ ወረዳ፣ መካነ ብርሃን ላይ ጥፋቱን አምኖ የተፈረደበት ሰው ብዙ ጊዜ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም። በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ያመነ ሰው በጥፋተኝነቱ ላይ ይግባኝ ባይልም በቅጣቱ መጠንና ሕጋዊነት ላይ እንዲል ይፈቅድለታል።

ቀኑ ግን አጭር ነው። ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ይግባኝ እንደሚል ማስታወቅ፣ ግልባጩ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ደግሞ ማመልከቻውን ማስገባት አለበት። ወረዳ ፍርድ ቤት የፈረደበት ሰው ይግባኙ የሚታየው ደባርቅ ባለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው፤ መንገዱ የሰሜን ተራሮችን ብሔራዊ ፓርክ ያቋርጣል። ባለጉዳዩ እስር ቤት ስለሆነ ግልባጭ የሚያስወጣው፣ ማመልከቻ የሚያስጽፈው፣ መኪና የሚጠብቀው ወንድም ወይም ሚስት ናቸው።

ማመልከቻው ላይ የሚሰፍረው ነገር ደግሞ ወሳኝ ነው። ራፖር ጸሐፊው ብዙ ጊዜ «የቤተሰብ አስተዳዳሪ ነኝ፣ ምሕረት ይደረግልኝ» ብሎ ይዘጋዋል። ይህ ያሳዝናል እንጂ የሥር ፍርድ ቤቱን ስሕተት አያሳይም። ተራ የሰው ግድያ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። በዚህ የ15 ዓመት ልዩነት ውስጥ ተመሳሳይ ጥፋት የተለያየ ቅጣት እንዳያመጣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 የቅጣት አወሳሰን መመሪያ አወጣ፤ በ2006 አሻሻለው። ወንጀሉ ደረጃና እርከን ይሰጠዋል፤ ማክበጃው እርከኑን ከፍ፣ ማቅለያው ዝቅ ያደርገዋል። ስለዚህ «የቀድሞ መልካም ጠባዬ በአንቀጽ 82 መሠረት አልተያዘልኝም» የምትል አንዲት መስመር ገጽ ሙሉ ልመና የማይሠራውን ትሠራለች።

የሥር ፍርድ ቤቱን ስሕተት ማሳየት ግድ በመሆኑ አውስትራሊያም ከዚሁ አትርቅም። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1936 እንደወሰነው፣ ይግባኝ ሰሚ ዳኞች «እኛ ብንሆን ቀለል እናደርገው ነበር» ብለው ብቻ ቅጣት አይነኩም፤ የሥር ዳኛው ስሕተት ሊታይ ይገባል። የተለየ ስሕተት ባይገኝ እንኳ ቅጣቱ ራሱ ገሃድ የወጣ ብዛት ካለው ስሕተት እንዳለ ይቆጠራል።

ይግባኝ በአገራችን ዓመታት ሲቀንስ ታይቷል። ድምፃዊ ቴዎድሮስ ካሳሁን (ቴዲ አፍሮ) በ2001 የተፈረደበት 6 ዓመት በዚያው ዓመት በይግባኝ ወደ 2 ዝቅ አለ። ጋዜጠኛ ርዕዮት ዓለሙ በጥር 2004 የተወሰነባት 14 ዓመት በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ወደ 5 ዓመት ወረደ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አብዛኞቹን ክሶች ስለጣለላት። በዚያው መዝገብ 14 ዓመት የተፈረደበት ጋዜጠኛ ውብሸት ታዬ ይግባኝ አላለም፤ የወጣው በ2010 ነው።

በሩ ለዐቃቤ ሕግም ክፍት ነው። በጥር 1999 በመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ የተወሰነው የዕድሜ ልክ እስራት በግንቦት 2000 በዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ወደ ሞት ተለወጠ።

ቀኑ ያለፈበት ሰውም ሕጉ ጨርሶ አልዘጋበትም፤ የዘገየው በራሱ ጥፋት እንዳልሆነ ካሳየ በአንቀጽ 191 ማስፈቀጃ ማቅረብ ይችላል። ዳኛው ቅጣቱን አንብቦ ሲጨርስ የይግባኙን ቀን ለተከሳሹ በሚገባው አነጋገር ቢነግረው፣ ግልባጩም ሳይውል ሳያድር ቢሰጠው፣ ይህን ማስፈቀጃ የሚጽፉት በጣም ጥቂቶች በሆኑ ነበር።