የካምፕ ሥፍራ (ንግድ)
የካምፕ ሥፍራ መንገደኞች ድንኳን የሚተክሉበት ወይም መኝታና ማብሰያ ያለውን መኪናቸውን የሚያቆሙበት የኪራይ ቦታ ነው። በአሜሪካ ኬ ኦ ኤ የተባለው ታዋቂ ድርጅት በ1962 እ.ኤ.አ. በሞንታና ክፍላገር በቢሊንግስ ከተማ ተጀመረ።

እንዲህ ያለ ሥፍራ ሲሸጥ ዋጋው በአብዛኛው የሚገመተው ከተጣራ ዓመታዊ ገቢው ነው። ለምሳሌ ሥፍራው ወጪው ተቀንሶ በዓመት 100,000 ዶላር ቢያስገኝና ገዢው 10 በመቶ ትርፍ ቢፈልግ፣ ተመጣጣኙ ዋጋ 1,000,000 ዶላር ይሆናል። ነገር ግን ያረጀ የፍሳሽ ጉድጓድ ለመተካት 200,000 ዶላር ቢጠየቅ፣ ትርፉ ወደ 8.3 በመቶ ይወርዳል። ይህ ወጪ ባለፉት ዓመታት የሒሳብ መዝገብ ላይ ስለማይታይ፣ ከግዢ በፊት የውኃ፣ የመብራትና የፍሳሽ መስመሮች በባለሙያ ይመረመራሉ። በቀዝቃዛ አካባቢ ደግሞ የጥቂት ሞቃት ወራት ገቢ የዓመቱን ወጪ መሸፈን አለበት።