ሰው ከመቅጠርዎ በፊት

ገንዘብ ያዥ ሊቀጥሩ ነው እንበል። አመልካቿ ጊዜያዊ ዲግሪዋን (ቴምፖዋን)፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤዋንና የመታወቂያዋን ኮፒ አስገብታለች። ሁሉም ማኅተም አርፎበታል። እውነተኛ መሆኑን እንዴት ያረጋግጣሉ? እስከ ምን ድረስስ የመጠየቅ መብት አለዎት?

ብዙ ቀጣሪ መጣራት ያለበትን ሳያጣራ ያልፍና የማይመለከተውን ከሰፈር ሲያጠያይቅ ይውላል። የማን ወገን ናት? የት ነው የምታመልከው? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በኤች አይ ቪ ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ልዩነት ማድረግን ከልክሏል። መልሱን ሊጠቀሙበት የማይፈቀድልዎትን ጥያቄ ከነጭራሹ አለመጠየቅ ይሻላል።

ከሥራ ልምዱ ይጀምሩ። ይኸው አዋጅ ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ ወይም በጠየቀ ጊዜ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ እንዲሰጠው ያስገድዳል። እርስዎም የሚያረጋግጡት እነዚህኑ ሦስት ነገሮች ነው። በደብዳቤው ግርጌ ባለው ስልክ ብቻ አይደውሉ፤ ሐሰተኛ ወረቀት ያሠራ ሰው የጓደኛውን ቁጥር ማስጻፍ አያቅተውም። የድርጅቱን ስልክ ራስዎ ፈልገው ያግኙና የሰው ኃይል ክፍሉን ያነጋግሩ፤ ወይም ደብዳቤ ጽፈው መልስ ይጠብቁ። አሁንም እዚያው በሥራ ላይ ካለች ግን ሳያማክሯት አይደውሉ፤ ያለችበትን እንጀራ ሊያሳጧት ይችላሉ።

የትምህርት ማስረጃውን የሚያረጋግጠው የተማረችበት ተቋም ሬጅስትራር ነው። ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱ በእጇ ሳያልፍ ከተቋሙ በቀጥታ ቢላክልዎ የተሻለ ማስተማመኛ ነው። የጥርጣሬ ዓይን ግን ለሁሉም እኩል ይሁን፤ አንዷን ብቻ ነጥሎ ማጣራት ራሱ አድልዎ ነው።

የፖሊስ ማስረጃን በተመለከተ፣ አሻራ ሰጥታ የምታወጣው አመልካቿ ራሷ ናት። በፖሊስ ጣቢያ ባለ ወዳጅ በኩል በጓሮ ማስፈተሽ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 ያስከበረውን የግል ሕይወት መብት መዳፈር ነው። የቆየ ጥፋት ቢገኝ እንኳ ከሥራው ጋር መገናኘቱን ያመዛዝኑ። ከዓመታት በፊት በጠብ የተቀጣ ሰው ካዝና አይያዝ የሚያሰኝ ምክንያት አይታየኝም። ገንዘብ በማጉደል የተፈረደበት ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው።

የተያዥ ነገር ደግሞ ብዙ ያነጋግራል። አንዳንድ አሠሪ ማጣራቱን ትቶ ሸክሙን በሙሉ ተያዥ ላይ ይጥላል። «የሚያጠፋውን ሁሉ እከፍላለሁ» የሚል ቅጽ ያስፈርምና እፎይ ይላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በቁጥር 1922 ዋስትናው የሚሸፍነው ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተገለጸ ውሉ እንደማይጸና ደንግጓል። ስለዚህ ያ ቅጽ ክርክር ሲነሳ አያዋጣም። ከዚህ በላይ የሚያሳዝነው ግን ባለደመወዝ ዘመድ የሌላት፣ ከገጠር መጥታ ተምራ የተመረቀች ልጅ ብቃቷ ሳይታይ በር ላይ መቅረቷ ነው። ተያዥ የግድ የሚያስፈልገው ንብረት ወይም ገንዘብ ለሚረከብ ሰው ነው። ለጸሐፊነት ወይም ለጽዳት ሥራ ተያዥ መጠየቅ ድሃውን ከማንገላታት በቀር የሚጠብቀው ነገር የለም።

ይህን ሁሉ ሲያደርጉ አመልካቿ ትወቅ። በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 መረጃ ለታወቀ ዓላማ እንዲሰበሰብ ይጠይቃል፤ ባለቤቱም መረጃውን የማየትና የማሳረም መብት አለው። አጭር የፈቃድ ቅጽ ያዘጋጁ፤ ማንን እንደሚጠይቁና ምን እንደሚጠይቁ ይጻፉበት። አጠራጣሪ ነገር ካገኙ ማመልከቻዋን ከመጣልዎ በፊት ጠርተው ያነጋግሯት። «አናውቃትም» ያለው የቀድሞ ድርጅቷ ስሙን ቀይሮ ወይም ከሌላ ጋር ተዋህዶ ሊሆን ይችላል፤ የአባቷ ስም በአንድ ፊደል ተሳስቶ መዝገብ ላይ ሊጠፋ ይችላል።

ቅጥሩ ሲያበቃ ደግሞ ላልተመረጡት ኦሪጅናል ሰነዳቸውን ይመልሱ። ኮፒውንም ለቅሬታ መልስ ከሚያስፈልግበት ጊዜ በላይ አያቆዩ፤ ሲያስወግዱም ቀደው ይሁን እንጂ ለሱቅ መጠቅለያ እንዳይውል ይጠንቀቁ።